የአባቴን ማር ልቆርጥ ነው፤ ለንቦቹ ምን ያህል ላስቀርላቸው?

የዳንግላ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጓሯችን አራት ቀፎ አለን። ሦስቱ አባቴ ከቀርከሃ ሠርቶ በእበት የለቀለቃቸው ናቸው፤ አንዱ ባለ ፍሬም (ንቡ ማሩን የሚሠራበት የእንጨት ክፈፍ) ዘመናዊ ቀፎ ነው። ዘንድሮ የአባቴ ዓይን ስለደከመ ማሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ኅዳር ገብቷል፣ አደይ አበባው ረግፏል፣ ኑጉም አበባውን እየጨረሰ ነው።

የሚያስፈራኝ መነደፉ አይደለም። አምና አባቴ አልጋ ላይ ሳለ ማር ቆራጭ ነኝ ያለ ሰው አስገብተን አንዱን ቀፎ እስከ መግቢያው ድረስ ጠርጎ ወሰደው። እጩ፣ ማለትም ገና ያልበረረው የንብ ልጅ፣ ከማሩ ጋር ባልዲው ውስጥ ነጭ ሆኖ ተንሳፍፎ አየሁት። በጥር ቀፎው ባዶ ሆነ። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ቀፎውን አውርዶ በወይራ አጠነውና መልሶ ሰቀለው። በመስከረም አዲስ መንጋ ገባበት።

እባካችሁ፣ የባህላዊው ቀፎ ውስጡ አይታይም፤ እጄን የት ላይ ላቁም? የፍሬሙስ ማር መብሰሉ በምን ይታወቃል?

አናቢው ከቡሬ፦
ልጄ፣ አዲሱን መንጋ ዘንድሮ አትንኪው። በመስከረም የገባ ንብ ቤቱን ገና እየሠራ ነው።

ሌሎቹን ከጀርባ ክፈቻቸው። ንብ እጩን የሚያሳድገው በመግቢያው በኩል ነው፤ ማሩን የሚያከማቸው ወደ ኋላ ነው። የሰሙን እንጀራ አንድ በአንድ እየቆረጥሽ ግቢ። የእንጀራው የሰም ክዳን ነጣ ያለ ከሆነ ማር ነው። ቡናማ ክዳን ወይም እጭ ያየሽበት ቦታ ድንበርሽ ነው። እኔ እዚያ ከመድረሴ በፊት ሁለት ሙሉ የማር እንጀራ እተዋለሁ። እስከ ድንበሩ የሚቆርጡ አሉ፤ በጥርና በየካቲት ግን ንቡ ምን ይብላ?

ሥራውን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጀምሪ። ላምና በቅሎ በሩቁ ይታሰሩ፣ ዶሮዎቹ ይዘጉ፣ ለጎረቤትም አስቀድመሽ ንገሪ። የእኛ አገር ንብ ሲቆጣ እንስሳ ይገድላል። የደረቀ ኩበት አጭሺ፤ ጭሱን ግን አታብዢው፣ ማሩ ጭስ ጭስ ይሸታል።

የእንስሳት ባለሙያዋ፦
ስለ ዘመናዊው ቀፎ ልጨምር። የታችኛውን የእጭ ክፍል ተዪው፤ የምትወስጂው ከላይኛው የማር ክፍል ብቻ ነው። ከፍሬሙ ሦስት አራተኛው በሰም ከተከደነ ማሩ በስሏል። ካልተከደነ ፍሬሙን ወደ ጎን ይዘሽ ነቅነቅ አድርጊው፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውሃው ገና አልተነነም ማለት ነውና መልሺው። የውሃ መጠኑ ከ20 በመቶ የበለጠ ማር ይቦካል። የቆረጥሽውን ዝገት በሚነካው ብረት ዕቃ ውስጥ አታኑሪ፤ ማር አሲድነት አለው።

የአበባ እጥረት ቢመጣ የስኳር ብጥብጥ፣ በሶና ሽሮ እየሰጣችሁ አሻግሯቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የራሳቸው ማር ነው።

ንብ ወዳድ፦
ከነደፈሽ መንደፊያውን በጥፍርሽ ፍቀሽ ቶሎ አውጪው፤ ከዚያም ቦታውን ጭስ አሳዪው። የሚተወው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል።

የዳንግላ ልጅ፦
ትናንት ማታ ቆረጥን። አባቴ ከጎኔ ቆሞ ቀፎውን በጣቱ እያንኳኳ «እዚህ ድረስ ሙሉ ነው» ይለኝ ነበር፤ ከፍቼ ሳየው ልክ ነው። ከሁለቱ ባህላዊ ቀፎዎች 9 ኪሎ ወጣ፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት እንጀራ አስቀርቻለሁ። ከዘመናዊው አምስት ፍሬም ወሰድኩ፣ ሦስቱ ስላልበሰሉ መለስኳቸው። ሰፈፉን እናቴ አቅልጣ ለጧፍ ታደርገዋለች።

አዲሱ መንጋ አልተነካም። ዛሬ ማለዳ አባቴ ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ ቆሞ አገኘሁት፤ ዝም በይ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።