ለአያቴ ሙት ዓመት ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ያሳደጉኝ አያቴ ሙት ዓመታቸው ስለደረሰ፣ ቤተሰቡ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ እንዳነብ ጠይቆኛል። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጡ አምስት ልጆች አሳድገዋል። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤልን ሳይሳለሙ የቀሩበትን ዓመት አላስታውስም። እምነታቸውን፣ ቤተሰባቸውን ወይስ ሥራቸውን ላስቀድም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። እኔ ብሆን ሦስቱን አልለያይም። የእኔም እናት ነጋዴ ስለነበሩ፣ ለገብርኤል የተሳሉትን ስለት ከየዕለቱ ሽያጭ ጥቂት ጥቂት እያነሱ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩት ነበር፤ ያን ቋጠሮ ሳስብ ጸሎታቸው የት ላይ አብቅቶ ሥራቸው የት እንደጀመረ መለየት ያቅተኛል።

ሌላ መልስ፦ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸውንም ጠይቅ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው በወሰደ ጊዜ፣ እኛን ከነልጆቻችን ያስጠጉን እንደ አያትህ ያሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ እስከ ዛሬ በዱዓችን እናነሳቸዋለን።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከቋጠሮው እጀምራለሁ፤ የአያቴም ነጠላ ጫፉ ሁልጊዜ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር።