በ7 ቀን አንድ ሶሌታ፦ ጊዜ ከየት ላምጣ?

ጠያቂ (ሳይት መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር)
ሰላም ቤተሰብ። ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ይዘናል። እስከ 5ኛ ሆቴል ነው፣ ከዚያ በላይ መኖሪያ። 4ኛውን ሶሌታ (የፎቁን ወለል አርማታ) የካቲት ላይ ሞላን፣ 8 ይቀሩናል። አንዱ ፎቅ 16 ቀን ስለሚፈጅ በዚህ ከሄድን ሰኔ ዝናብ ላይ ነን። ባለቤቱ በ7 ቀን አንድ ፎቅ አውጡ ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ፎርማኑም ሶሌታውን እስኪጠነክር የሚደግፈው ቋሚ ያለን ለአንድ ፎቅ የሚበቃ ብቻ ስለሆነ በሳምንቱ ፈተን ወደ ላይ እናውጣው ይላል። እኔ ፈርቻለሁ። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1 (የቀድሞ ፎርማን፣ ደብረ ማርቆስ)
እንዳትነካው ልጄ! አርማታ በ7 ቀን የ28 ቀን ጉልበቱን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ቢይዝ ነው፣ ያውም ውሃ በደንብ ከጠጣ። አንተ ደግሞ ገና እርጥብ ሶሌታ ልታሸክመው ነው፤ 20 ሳንቲ ውፍረት ማለት በካሬ ግማሽ ቶን ነው። ለሁለት ፎቅ የሚበቃ ተጨማሪ ቋሚ ተከራይና ከምትሞላው ፎቅ ሥር ያሉት ፎቆች ድጋፋቸው እንዳለ ይቆይ። ስንት ፎቅ እንደሚቆይና መቼ እንደሚፈታ የስትራክቸር መሐንዲሱ በኩብ (የአርማታ ናሙና ጥንካሬ ፍተሻ) ውጤት ይወስን። የኮለን (የምሰሶ) የጎን ፎርም፣ ማለትም ጣውላው፣ ግን በማግስቱ ይፈታልና እዚያ ፍጠን። በብርድ ጊዜ ግን ተጠንቀቅ። እኛ ማርቆስ ላይ አንድ ጠዋት ቸኩለን ስንፈታ የኮለኑ ጠርዝ ከጣውላው ጋር ተላጦ መጣ።

መልስ 2 (የሳኒተሪ መሐንዲስ)
5ኛው ፎቅ ላይ ቆም ብለህ አስብ ወንድሜ። የሆቴሉ መታጠቢያና የመኖሪያው ወጥ ቤት አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ከላይ የሚወርደው ቧንቧ ሁሉ 5ኛው ጣሪያ ሥር ዞሮ ነው የሚሰበሰበው። የቧንቧውን ፕላን አሁኑኑ ጠይቅና ቀዳዳውን ከሙሌት በፊት አስቀር። እኛ ረስተነው የደረቀ ሶሌታ 9 ቀን ስንበሳ ከረምን፣ ፌሮም (የአርማታውን ብረት) ቆረጥን። እስካሁን ያበሳጨኛል።

መልስ 3 (የዕቃ ግዥ)
16ቱ ቀን የት እንደሚሄድ የሳይት መዝገቡን አይተሃል? ፌሮው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ የአባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ነው፤ መኪናው አንድ ቀን ከዘገየ ፌራዮዎቹ (ብረት ሠራተኞቹ) ቁጭ ብለው ይውላሉ። የሁለት ፎቅ ፌሮ ቀድመህ አስገባ። ይኼኛው ሲሞላ የሚቀጥለው ተቆርጦ ተጣጥፎ ይጠብቅ። ሊፍቱንም አሁን እዘዙ፣ የጉድጓዱ ልክ በሞዴሉ ነው የሚወሰነው። ድጋፉ የለቀቀበት ታችኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የብሎኬት ሥራ ይጀመር። ባለቤቱ ዓይናቸው ሥራ ካየ ልባቸው ያርፋል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እህቴም፣ ሁላችሁም። መዝገቡን አየሁት፤ ከ16ቱ 5ቱ ቀን ፌሮ ስንጠብቅ ያለቀ ነው! ለባለቤቱ ገጹን ገልጬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩትና በ11 ቀን ተስማሙ። እንደዚያ ከሄድን ግንቦት ላይ ስትራክቸሩ ያልቃል። ባሕር ዳር ውስጥ የብረት ቋሚ የሚያከራይ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።