አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አምስት ሙያ ሲይዝ፦ ለ9ኛ ክፍል እንዴት ይብራራ?

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን
እንደምን ሰነበታችሁ። የንግግር ክፍሎችን ሳስተምር ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ቃል ከአንድ ሙያ ጋር አጣብቀው ሸምድደውት ይመጣሉ። «ራውንድ» ማለት ክብ፣ ቅጽል ነው፤ አለቀ። «ዘ ባስ ራውንድድ ዘ ኮርነር» የሚል ሲገጥማቸው አውቶቡሱን ክብ ያደርጉታል። «ዳውን»ም መቼ መስተዋድድ፣ መቼ ተውሳከ ግስ እንደሚሆን አይለዩም። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ የሚሠራ ዘዴ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

መምህር፣ መሐል ሜዳ
ሰላም መምህርት። ልጆቹ ያለ ምክንያት አልተሳሳቱም፤ ያስለመዳቸው አማርኛው ነው። ዙር፣ ዞረ፣ ዞር፣ ዙሪያ ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መልኩን ስለለወጠ ብቻውን ቢጻፍም ብዙ ጊዜ ሙያው ይታወቃል። እንግሊዝኛ መልኩን ሳይለውጥ መቀመጫውን ብቻ ይለውጣል። ይህን ለማሳየት ከ«ራውንድ» የተሻለ ቃል የለም። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን እንግሊዝኛውን፣ በሌላው አማርኛውን ይጻፉ።

«ዘ ሰከንድ ራውንድ»፦ ሁለተኛው ዙር (ስም)።
«ዘ ባስ ራውንድድ ዘ ኮርነር»፦ አውቶቡሱ ማዕዘኑን ዞረ (ግስ)።
«ኧ ራውንድ ሀውስ»፦ ክብ ቤት (ቅጽል)።
«ዜይ ሳት ራውንድ ዘ ፋየር»፦ በእሳቱ ዙሪያ ተቀመጡ (መስተዋድድ)።
«ሺ ተርንድ ራውንድ»፦ ዞር አለች (ተውሳከ ግስ)።

ከዚያ እንግሊዝኛውን ሸፍነው አማርኛውን ብቻ ያስነብቧቸው። አምስት የተለያዩ ቃላት ያገኛሉ፤ ከዚያ ሥር ያልመጣው «ክብ» ብቻ ነው። ሽፋኑን ሲያነሱ አንድ ቃል ብቻ መሆኑን ያያሉ። (በአሜሪካ እንግሊዝኛ ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ «አራውንድ» ይበዛል፤ ቢያነሱባችሁ አትደናገጡ።)

እንግሊዝኛም ድሮ እንዲህ አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ፍቅር «ሉፉ»፣ ማፍቀር «ሉፊያን» ይባል ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1100 እስከ 1500 ገደማ የቃላቱ መድረሻዎች እየረገፉ ሄደው ሁለቱም ዛሬ «ለቭ» ላይ ተገናኙ። ቃሉ ምልክቱን ሲያጣ የመለየቱ ሸክም በቃላት ቅደም ተከተል ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ግሱን ይፈልግ። አረፍተ ነገሩን ወደ ትናንት ይለውጥ፤ ሲለወጥ መልኩ የሚቀየረው ቃል ግሱ ነው። «ፑት»፣ «ካት»፣ «ሃርት» ትናንትም ዛሬም አንድ ስለሆኑ ለእነሱ ባለቤቱን «ሂ» አድርጎ «ስ» የሚጨመርበትን ቃል ይፈልግ። ግሱ ከተገኘ የቀረው ይቀላል። «ዘ»፣ «ኧ» ወይም «ማይ» ካየ ግን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ስም ነው ብሎ አይቸኩል፤ «ዘ ራውንድ ሀውስ» ላይ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለው «ሀውስ» ነው። በዚህ ቦታ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል።

ለሳይንስ መምህራንም ይንገሯቸው። የኬሚስትሪ መመሪያ «ሂት ዘ ወተር» ሲል ልጁ «የውሃ ሙቀት» ብሎ ያነበዋል። ትእዛዝ ላይ ባለቤት አይጻፍም፤ ግሱ ራሱ መጀመሪያ ይመጣል። «ውሃውን አሙቅ» ነው የተባለው።

ሰዋስው ወዳድ፣ አንኮበር
ስለ «ዳውን» ልጨምር። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ደንብ «ስም ከተከተለው መስተዋድድ፣ ካልተከተለው ተውሳከ ግስ» የሚል ነው። ግማሹን ይሠራል፤ «ዘ ሰን ዌንት ዳውን» ላይ ምንም ስለማይከተል ተውሳከ ግስ ነው። ግን እነዚህን ሁለቱን ያስተያዩ፦

«ሺ ወክድ ዳውን ዘ ሂል»፦ ቁልቁለቱን ወረደች።
«ሺ ፑት ዳውን ዘ ጃር»፦ እንስራውን አስቀመጠች።

ሁለቱም ላይ ስም ተከትሏል፤ ሙያቸው ግን ይለያያል። መፈተኛው ማንቀሳቀስ ነው። «ሺ ፑት ዘ ጃር ዳውን» ማለት ይቻላል፤ «ሺ ወክድ ዘ ሂል ዳውን» ግን አይባልም። ወደ ኋላ የሚሄደው የግሱ ወገን ነው፣ ተውሳከ ግስ፤ ከስሙ አልላቀቅ ያለው መስተዋድድ ነው። ስሙን በ«ኢት» ቢተኩት የበለጠ ይጠራል፦ «ፑት ኢት ዳውን» ትክክል፣ «ፑት ዳውን ኢት» ስህተት፤ «ወክድ ዳውን ኢት» ደግሞ ትክክል ነው። አንዳንድ መጽሐፍ ይህን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዓይነት በሌላ ስም ይጠራዋል፤ ለ9ኛ ክፍል ተውሳከ ግስ ይበቃል።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ሥዕል ነው፤ ልጆቹ ቁልቁለቱን ስለሚያውቁት «ዳውን ዘ ሂል» ሲባል የሚወረድበት ነገር እንዳለ ወዲያው ይታያቸዋል።

ሌሎቹ ሙያዎች ቀላል ናቸው፤ «ዘ ኔትዎርክ ኢዝ ዳውን» ቅጽል፣ «ሂ ዳውንድ ሂዝ ድሪንክ» (መጠጡን ጨለጠው) ግስ፣ «አፕስ ኤንድ ዳውንስ» ስም። የወፍ ለስላሳ ላባ የሚባለው «ዳውን» ግን ከነዚህ ጋር አይቆጠር፤ በአጋጣሚ ተመሳስሎ የተጻፈ ሌላ ቃል ነው። ደህና የሚለው «ዌል»ና የውሃ ጉድጓድ የሚለው «ዌል»ም እንዲሁ የተለያዩ ቃላት ናቸው። እነዚህ ሲቀላቀሉ ትምህርቱ ይበላሻል።

መምህር፣ ሸዋ ሮቢት
አነባበቡ ተረሳ። አንዳንድ ቃላት ሲጻፉ አንድ ሆነው ሲነገሩ ይለያሉ። «ዩስ» ስም ነው፣ «ዩዝ» ግስ፤ «ክሎስ» ቅርብ፣ «ክሎዝ» መዝጋት። «ሬከርድ» ከፊት ሲጠብቅ (የመጀመሪያው ክፍል በኃይል ሲነገር) ስም፣ «ሪኮርድ» ከኋላ ሲጠብቅ ግስ። «ፐርሚት»፣ «ኢምፖርት»፣ «ኤክስፖርት» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ ልጆቻችን ሁሉንም እኩል ስለሚያነቡ ልዩነቱ ይጠፋል። ደንቡ ግን ሁሉን አይገዛም። «ሪፖርት»ና «ኮንትሮል» ሁልጊዜ ከኋላ፣ «አንሰር»ና «ቪዚት» ሁልጊዜ ከፊት ናቸው፤ እነዚህን አራቱን አብረው ያስጠኗቸው።

የምለምናችሁ ሌላ ነገር፦ «ተውሳከ ግስ ሁሉ በ«ሊ» ይጨርሳል» ብላችሁ አታስተምሩ። «ፋስት» ቅጽልም ተውሳከ ግስም ነው፤ «ፋስትሊ» የሚባል የለም። «ሃርድ» ደግሞ የባሰ ነው። ተማሪው «በርትቶ ይሠራል» ለማለት «ሂ ወርክስ ሃርድሊ» ብሎ ሲጽፍ ያን ያህል እንኳ አይሠራም ወደሚል ትርጉም ይጠጋል፤ «ሃርድሊ» ማለት «እምብዛም» ነውና። «ሌት» ዘግይቶ ሲሆን «ሌትሊ» በቅርቡ ነው።

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማንቀሳቀሱን ፈተና በዚህ ሳምንት እጠቀምበታለሁ። «ላይክ»ን በተመለከተስ? «አይ አም ላይክ ኮፊ» ከየደብተሩ አይጠፋም።

መምህር፣ መሐል ሜዳ
«እወዳለሁ» ላይ ያለውን «አለሁ» ወደ «አም» ስለሚወስዱት ይመስለኛል። ፊቱ «አም» ወይም «ኢዝ» ካለ «ላይክ» ግስ መሆኑ ቀርቶ «እንደ» ወደሚለው መስተዋድድ ይዞራል፤ ልጁ «እኔ ቡና እመስላለሁ» ብሏል ማለት ነው። ይህንኑ ትርጉም በአማርኛ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ራሱ ይሰርዘዋል።

ለ40 ደቂቃው፦ 10 ደቂቃ «ራውንድ» በሰሌዳ፣ 10 ደቂቃ «ዳውን» ከነማንቀሳቀሱ፣ 15 ደቂቃ በአምስት በአምስት ተከፋፍለው እያንዳንዱ ቡድን በ«ላይክ»ና በ«ፋስት» ሁለት ሁለት አረፍተ ነገር ይጻፍ፣ የቀረው ለእርማት። ከአራት ቃል በላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ አያስገቡ።