የሐዋሳን የሥራ ገበያ በምን እንለካው?

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የከተማዋ ዕድገት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የተቀጠሩት ሰዎች ቁጥር ነው። የሥራ አጥነት ምጣኔ ቢቀንስ እንኳ ኑሮ ተሻሽሏል ለማለት ስለማያስደፍር፣ የተሻለው መለኪያ የትኛው ነው ይላሉ?

መልስ 1፦ በመጀመሪያ ትርጉሙን ማጤን ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጠዋት አንድ ጀበና ቡና ሸጣ የምትገባ ሴትና ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ የምትውል ሠራተኛ በአንድ ዓምድ ይሰፍራሉ። ተስፋ ቆርጦ ሥራ መፈለግ የተወ ሰው ደግሞ፣ በጥብቁ ትርጉም ከሥራ አጦች አይደመርም። እኔ የሥራ ሰዓትን አስቀድማለሁ።

መልስ 2፦ ደመወዝም ከቤት ኪራይና ከጤፍ ዋጋ ጋር መነጻጸር አለበት። በፓርኩ አካባቢ ለአራት አንድ ክፍል የተከራዩ ልጆች አውቃለሁ፤ ኪራይና ምግብ ከተከፈለ በኋላ ለቤተሰብ የሚላክ ስለማይተርፋቸው ሁለቱ ሥራውን ትተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ስንቱ ተቀጠረ ከማለት ይልቅ ስንቱ ዓመት ቆየ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መልስ 3፦ የገበያ ጥገኝነትም አይዘንጋ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ (ለአፍሪካ አገሮች ምርቶች ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ) ስትታገድ፣ ልብሳቸውን ወደ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎች ከቀረጥ ነፃ መግቢያቸውን አጡ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ስለሆነ፣ እነዚህን ሁሉ የምናካፍልበት የሕዝብ ቁጥር ራሱ ትንበያ መሆኑ ነው።