«ጊዜ ይሰጠን» እስከ መቼ? የውጭ ባንክ ይግባ ወይስ አይግባ

የአብነት ነጋዴ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ የባንክ ቦርድ አባል «የውጭ ባንኮች ከመግባታቸው በፊት ጊዜ ይሰጠን፣ ገና አልጠነከርንም» ሲሉ ሰማሁ። በጣም ነው የተናደድኩት። የውጭ ባንክ እንዲገባ የሚፈቅደው አዋጅ እኮ ታኅሣሥ 2017 ጸድቋል። የግል ባንክ የተፈቀደው ደግሞ በ1986 ነው። ሠላሳ ዓመት አልበቃም? እኔ የስፌት ማሽን ልገዛ ብድር ስጠይቅ የባንኩ የመጀመሪያ ጥያቄ «የቤት ካርታ አለህ?» ነበር። የሦስት ዓመት የሽያጭ መዝገብ ይዤ ሄጃለሁ። የባንኩ ሠራተኛ ሳይገልጠው መለሰልኝ።

ባለአክሲዮን፦ ወንድሜ ብስጭትህ ይገባኛል፣ ግን ሠላሳውን ዓመት እጃችን ነፃ የነበረ አታስመስለው። ከ2003 እስከ 2012 እኛ የግል ባንኮች ባበደርን ቁጥር የብድሩን 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ የዕዳ ሰነድ እንድንገዛ እንገደድ ነበር። ወለዱ ለአስቀማጭ ከምንከፍለው ያንስ ነበር። ነሐሴ 2015 ደግሞ የብድር ዕድገታችሁ ከ14 በመቶ አይለፍ ተባልን። በዚህ መሀል ካፒታላችሁን ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጉ መጣ። ጊዜ ይሰጠን ያሉት ለዚህ ነው።

የአብነት ነጋዴ፦ እሺ 27ቱን መንግሥት ወሰደው። የቀረው 73ስ የት ገባ?

ባለአክሲዮን፦ 73 የሚባል ነገር የለም። 100 ብር ስናበድር 27 ብር ጨምረን ነበር ሰነድ የምንገዛው። ሳታጣራ አትጻፍ።

የቀድሞ ቴለር፦ ሂሳቡ ላይ ባለአክሲዮን ልክ ነው። ግን 27 በመቶው እያለም ባንኮቹ በየዓመቱ አትርፈዋል፣ ለባለአክሲዮን አከፋፍለዋል። ውስጥ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ዶላር ብርቅ በሆነበት ሰዓት ኤልሲ (ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የሚከፍት አስመጪ ለኮሚሽኑ አይከራከርም። ወረፋ ላይ ለነበረ ሰው ባንኩ ንጉሥ ነበር። እንዲህ ከለመድክ የነጋዴን መዝገብ ቁጭ ብለህ ለምን ታነባለህ? ሕንፃ ያለው ይመጣል፣ መሐንዲስ ተልኮ ይገመታል፣ ያልቃል።

ባለአክሲዮን፦ ያስቀማጭ ገንዘብ ነው እኮ የምናበድረው! ያለ መያዣ ተበድሮ ቢጠፋስ? መጀመሪያ የምትጮኹት እናንተው ናችሁ።

የአብነት ነጋዴ፦ ያለ መያዣ ማን አለ? ማሽኑን ያዙት አልኩ። ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ ከ2011 ጀምሮ ሕግ አለ። ማሽንም ከብትም ይያዛል። ለዚህም ነው ጊዜ ያጣችሁት?

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ከ2011 በፊት የውጭ ፓስፖርት የያዝን ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮናችሁን ልቀቁ ተብለን በተጻፈበት ዋጋ ተመልሶልናል። ስንት ዓመት የያዝነውን! በኋላ ሕጉ ተቀየረና መግዛት ትችላላችሁ ተባልን። ያኔ ይሄ «ጊዜ ይሰጠን» የሚል የቦርድ አባል ስለኛ አንድ ቃል ተንፍሷል? አሁን በአገር ባንክ ውስጥ የውጭ ስትራቴጂያዊ ባለሀብት (እንደ ባንክ ያለ ትልቅ አጋር) እስከ 40 በመቶ፣ በጠቅላላ የውጭ ድርሻ እስከ 49 በመቶ ሲፈቀድ ነው የአገር ፍቅር የመጣው።

ካሳንቺስ፦ እህቴ፣ እናንተም ዶላሩን በባንክ ብትልኩ ኖሮ ባንኮቹ እንዲህ አይደርቁም ነበር።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር፣ በጥቁር ገበያ እጥፉ ነበር! እናቴ ጤፍ የምትገዛው በየትኛው ነበር? ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የተደበቀው ዋጋ ወጣ እንጂ እኛ አልፈጠርነውም። እኛን መውቀስ ይብቃ።

የድሮ ፒያሳ፦ ልጆች፣ 49 በመቶው አዲስ ነገር አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ በ1955 የወጣው ሕግም የውጭውን ድርሻ 49 በመቶ ላይ ነው ያቆመው። አዲስ አበባ ባንክ የሚባለው አክሲዮን ማኅበር ውስጥ የለንደኑ ግሪንድሌይስ 40 በመቶ ነበረው። የጣልያኖቹ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊም ይሠሩ ነበር። ደርግ በ1967 ሁሉንም ወረሰ። የውጭ ባንክ ስለገባ አገር አልጠፋም።

ካሳንቺስ፦ ጋሼ በአክብሮት ልጠይቅዎ። እነዚያ ባንኮች ለየትኛው ገበሬ አበደሩ? የሚመጡትም ላኪውን፣ ትልልቁን ፋብሪካና ኤምባሲውን ነው የሚወስዱት። ለኛ ባንኮች የሚተርፈው ወጪና ቅርንጫፍ ነው። የኬንያ ባንኮች እዚህ ቢሮ ከፍተው ስንት ዓመት እየጠበቁ ያሉት ለወላይታ ገበሬ ብለው አይደለም።

የአብነት ነጋዴ፦ ገበሬው አሁን ማን አበደረው? እስቲ ንገረኝ።

የቀድሞ ቴለር፦ ስለ ንግድ ባንክ ለምን ዝም አላችሁ? የዘርፉን ግማሽ ገደማ የያዘው እሱ ነው። ለመንግሥት ድርጅቶች ያበደረው አልመለስ ብሎ 900 ቢሊዮን ብር ቦንድ ነው የጸደቀለት። ነጋዴው ያጣው ብድር የት እንደሄደ እዚያም ፈልጉት።

ካሳንቺስ፦ ንግድ ባንክን ተወው! እንደ ግልገል በለስ ባለ ሩቅ ከተማ ቅርንጫፍ ያለው እሱ ነው። ደመወዜም እዚያ ነው የሚገባው።

የቀድሞ ቴለር፦ ቅርንጫፍ አለው ማለት ብድር ይሰጣል ማለት አይደለም። ሄደህ ጠይቅ። ሲስተም የለም ካላሉህ።

ባለአክሲዮን፦ ሁላችሁም ባንክ ስትሉ ሀብታም ብቻ ይታያችኋል። እኔ አስተማሪ ነኝ። ከደመወዜ ቆጥቤ ነው አክሲዮን የገዛሁት፣ ከጎኔ የተሰለፈችው ነርስ ነበረች። የውጭው ባንክ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ የሚጎዳው እኔና እሷ ነን። ለባንኩ መከራከሬን አልተውም።

የአብነት ነጋዴ፦ መምህር፣ አንተን አልጠላሁም። እንዲያውም ባለቤቱ አንተ ነህ። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስተህ ጠይቅልኝ፦ በሥራው ብቻ ታይቶ ያለ ካርታ የተበደረ ስንት ደንበኛ አላችሁ?

ባለአክሲዮን፦ እጠይቃለሁ። ግን ካርታውን እኛ ወደን አይደለም፣ ብሔራዊ ባንክ ነው የሚያስገድደን።

የቀድሞ ቴለር፦ የትኛው መመሪያ? ቁጥሩን ጻፍልን።