የአነስተኛ ክፍያ የሕግ ምክር ክፍል፦ ረቂቅ ዕቅድ ለጠበቆች ማኅበር አባላት አስተያየት

ጸሐፊ፦
ባለፈው ስብሰባ በቃል የተስማማንበትን በጽሑፍ አስፍሬዋለሁ። በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተን በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ምክር እንሰጣለን፤ አቤቱታም እናዘጋጃለን። ከጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጀምሮ የምናውቀውን በዓመት 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የማገልገል ግዴታ አባላት እዚያው ይወጣሉ፤ ጀማሪ ጠበቆችም ከነባሮቹ ጋር ተጣምረው ይሠራሉ። ኪራዩ ከመዋጮ ይሸፈናል።

ጀማሪ ጠበቃ፦
ዕቅዱን እደግፋለሁ። ከሥራ የተሰናበተች አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ የስንብት ደብዳቤዋን በፌስታል ጠቅልላ ወደ እኔ መጥታ ነበር። ፍርድ ቤት በር ላይ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ የጻፈላት ያልተከፈለ ደመወዟን ብቻ ነው፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (በጊዜ ገደብ) እንደሚታገድ የነገራት ሰው አልነበረም። እኔ ዘንድ ስትደርስ ሦስቱ ወር አልፏል። የደመወዙ ጥያቄ የሚቀርብበት ስድስት ወርም ቢያልፍ ኖሮ የምንይዘው ነገር አይኖርም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
በበጀቱ ውስጥ ቬንቲሌተር የለም። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከተማውም ድሬዳዋ ነው። በግንቦት ማን ነው እዚያ የሚቀመጠው?

ነባር አባል፦
በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሰነዱን የወሰደበት ሕዝብ ሲሰለፍ ድንኳን ውስጥ ማመልከቻ ስንጽፍ ማንም ስለ ቬንቲሌተር አልጠየቀንም። ይህ ለውይይት የሚቀርብ ጉዳይ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
አንተ ያኔ ወጣት ነበርክ። ደንበኛውም ቢሆን እየተጠበሰ ጉዳዩን ሊያስረዳ አይችልም። ግዢ ከተባለ ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብልኝ፤ ያለ ፕሮፎርማ ሰባራ ሳንቲም አላወጣም።

የከዚራ አባል፦
ቬንቲሌተሩን እኔ እሰጣለሁ። የቢሮዬ ስም ያለበት አነስተኛ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ብቻ እጠይቃለሁ።

ነባር አባል፦
የሥነ ምግባር ደንቡ በጠበቃ ማስታወቂያ ላይ ያስቀመጠውን ገደብ ረስተኸዋል። ድሃ ሊማከር በመጣበት ክፍል ስምህ ፊቱ ላይ ሲሽከረከር ሊውል ነው?

የከዚራ አባል፦
የሚሽከረከረው ክንፉ እንጂ ጽሑፉ አይደለም። ስጦታዬን አንስቻለሁ፤ ለዚህ ጉዳይ የገባሁትን የማክሰኞ ተራም እንዲሁ።

ሁለተኛ ጀማሪ ጠበቃ፦
እኔም ማክሰኞን የያዝኩት ከእሱ ጋር ስለነበር ብቻዬን ኃላፊነት መውሰድ አልችልም።

ጸሐፊ፦
እባካችሁ ወደ ረቂቁ እንመለስ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 መሠረት በደሃነት ለመክሰስ ሲያመለክት አቅም እንደሌለው የሚያሳየውን ማስረጃ ከቀበሌ በማውጣት ረገድ ምን ያህል እንርዳው የሚለው ነጥብ አስተያየት አላገኘም።

ነባር አባል፦
ባልደረባችንን ማስቀየም አልፈለግሁም፤ ጽሑፉ ከጀርባ ይሁንለት።

የከዚራ አባል፦
ይቅር። ከተስማማችሁ ግን የቢሮዬ የፊት ክፍል ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ነው፤ ኪራይ አልጠይቅም፤ በጣሪያው ላይም ቬንቲሌተር አለ።

ጀማሪ ጠበቃ፦
ከመጋላ የሚመጡት ሰዎች ደቻቱን ተሻግረው ለባጃጅ ከፍለው ከዚራ ድረስ እንዲመጡ ከሆነ ክፍሉን ቀፊራ ያልነው ለምን ነበር? ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ነጋዴዋ ሥራዋ ላይ ናት።

ገንዘብ ያዥ፦
ኪራይ የለም መባሉን በደስታ ተቀብያለሁ። መዋጮውም በግማሽ ይቀነስ።

ጸሐፊ፦
ሁለተኛው ረቂቅ እንደሚከተለው ተስተካክሏል። ቦታው ከዚራ፣ ሰዓቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ አገልግሎቱም በስልክ ቀጠሮ ይሆናል። ተረኛ የተመዘገበው ሰው ጥቂት ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍሉ በዋናነት ጀማሪ ጠበቆች አቤቱታ መጻፍን ከነባሮቹ የሚማሩበት፣ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተፈቀደውን የጥብቅና ድርጅት በጋራ ማቋቋም የሚፈልጉም የሚመካከሩበት ይሆናል።

ጀማሪ ጠበቃ፦
የአነስተኛ ክፍያ ተመን የሚለውን አንቀጽ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ አላገኘሁትም።

ጸሐፊ፦
በሦስተኛው ረቂቅ ይገባል። የ50 ሰዓቱን መዝገብ የሚፈርም ሰው እስከ ዓርብ ይቅረብ።

ገንዘብ ያዥ፦
መዝገቡም ግዢ ነው፤ ፕሮፎርማ ይቅረብበት።