ልጄ «ሞተር አስተምረኝ» አለች፣ እናቷ «ሽጠው» አለች

ዲቲ ከሠራተኛ ሰፈር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ብዙ ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን ቤቴ ውስጥ ነገር ስለተነሳ ምክር ፈልጌ መጣሁ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የሚታረመውን ወረቀት፣ ማመላለስ ነው። ጠዋት ወረቀቱን ይዤ አራት ኪሎ፣ ከሰዓት ሜክሲኮ፣ ማታ ተመልሼ ሠራተኛ ሰፈር። የምነዳው ያማሃ ዲቲ 125 ነው። በጨረታ የገዛሁት፣ ሁለት ስትሮክ (ቤንዚንና ዘይት አብሮ የሚያቃጥል)፣ በእግር እየተረገጠ የሚነሳ ሽማግሌ ሞተር። ጭሱ ለጉድ ነው። ላስነሳው ስል ባለቤቴ መጀመሪያ የተሰጣውን ልብስ ትሰበስባለች።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከሞተሩ ጋር የተዋወቀችው ቆሞ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከተማው ውስጥ በሞተር ላይ ገደብ ሲጣል እኔም ሸራ አልብሼ ግቢ ውስጥ አስቀመጥኩት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሸራውን ገልጣ ትቀመጥበታለች። «አባዬ፣ የት እንሂድ?» ትለኛለች። «ደብረ ዘይት» እላታለሁ። ማኑብሪዮውን (መሪውን) ይዛ፣ በአፏ እያጓራች፣ እራት ሳይቀርብ ደብረ ዘይት ደርሳ ትመለሳለች።

በኋላ በመሥሪያ ቤቴ በኩል ፈቃድ አግኝቼ ወደ ሥራ ስመለስ ነገሩ የሚቀዘቅዝላት መስሎኝ ነበር። ባሰባት። ቅዳሜ ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ስፈታ አጠገቤ ናት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ አይደል፣ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ይህን የነገርኳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሁን ካንዴላውን ከእጄ ትቀበልና ወደ ብርሃን አዙራ «አባዬ፣ ጠቁሯል፤ ቡናማ መሆን አለበት» ትለኛለች። ሃያ ዓመት ነድተው ይህን የማያውቁ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን «አስተምረኝ» ብላለች። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜዋ ገና እንደሆነ ታውቃለች፣ መንገድ ላይ ልውጣም አላለችም። የፈለገችው ግቢ ውስጥ አስነስታ ማርሽ ማስገባት ነው። እናቷ ደግሞ «ሞተሩን ሽጠው፣ ጥያቄውም አብሮ ይሸጣል» አለች።

ሌላም አለ። የእህቴ ልጅ 20 ዓመቱ ነው፣ በሞተር ዕቃ ያደርሳል። ባለፈው ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ ቸርችልን ሲወርድ አየሁትና ልቤ ቀጥ አለ። ማታ ጠርቼ ስቆጣው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ሞተር የወደድኩት እኮ አንተን አይቼ ነው።» ምን ልበለው? ዝም አልኩ።

እኔን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ አስቀምጦኝ «ፍሪስዮኑን ልቀቅ» አለኝ፤ ሞተሩን ከጎማው የሚያለያየውን የግራ እጅ መጨበጫ ማለቱ ነው። ለቀቅኩ። ራሴን ያገኘሁት የሰው አጥር ውስጥ ነው። ልጄን እንዲህ አላስተምራትም። ግን ሌላ አስተማመር አላውቅም። በ15 ዓመት መጀመር ልክ ነው? ከየት ይጀመራል? እናቷንስ ምን ልበላት?

ሲስተር የማታ ተረኛ፦

ወንድሜ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ከሞተር ወድቀው የሚመጡትን ስለምቀበል ባለቤትህን አትቀየማት። አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእህትህን ልጅ ሄልሜት ነገርከን፤ የራስህን ማሰሪያ ታስረዋለህ? ብዙ አዋቂ ነጂ ጣል ብቻ አድርጎት ነው የሚሄደው። ሲወድቅ ሄልሜቱ አንድ ቦታ፣ ሰውየው ሌላ ቦታ። በጥናት የታወቀው ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ነው። ያውም ጭንቅላት ላይ ሲሆን ነው እንጂ ክርን ላይ ሲሆን አይደለም።

ለልጅህ ስትገዛ ደግሞ ሹሩባዋን አስብ። ሻጩ ይህን አይነግርህም። ተሠርታ ሳለ ልክ የሆነላት፣ ስትፈታው ይሰፋታል። ከቅንድቧ ትንሽ ከፍ አድርገህ ዙሪያውን በሜትር ለካ። አድርጋው ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ ሄልሜቱ ለብቻው መዞር የለበትም፣ ጉንጯንም ጨመቅ ያድርጋት። ያገለገለ እንዳትገዛላት። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ አለቀለት፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ።

የቀድሞ ካዛንቺስ፦

እኔ አትጀምር ነው የምልህ። ታናሽ ወንድሜን በሞተር ነው ያጣሁት። ጥፋቱም የሱ አልነበረም፣ ከኋላ ነው የመጡበት። አንተ ልጅህን አሳምረህ ብታስተምር ያኛውን ሾፌር ማን ያስተምርልሃል? ክርክር አልፈልግም፣ ጠየቅክ፣ መለስኩ።

ባትሪዬ አለቀ፦

ጋሼ ሰላም ነው? እኔን የእህትህ ልጅ በለኝ። 22 ዓመቴ ነው፣ ምግብ አደርሳለሁ፣ ከቦሌ ፒያሳ ስመላለስ ነው የምውለው።

ሄልሜቱ ለምን ክርን ላይ እንደሚውል ልንገርህ። ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው ፊትህን ካላየ አያስገባህም። በቀን ሃያ ጊዜ ማውለቅና ማጥለቅ ነው። ከዚያ ፀሐዩ፣ ከዚያ ጥድፊያው። ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በቁጣ የሚመለስ ነገር አይደለም። እኔን ያስተወኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። ሄልሜት ካላደረግክ ከኋላህ አልቀመጥም አለ። አለ አይደል፣ የምሩን ነው። ሻይ እንጠጣ ስለው ከስታዲየም ፖስታ ቤት ድረስ በእግሩ ይመጣ ነበር። አፈርኩ።

ደግሞ ኤሌክትሪክ ግዛላት የሚልህ ሰው ይኖራል። እኔ የምነዳው ኤሌክትሪክ ነው። ፍሪስዮን የለም፣ ማርሽ የለም፣ ሲያዩት ቀላል ነው። ግን እጅህን ትንሽ ስታጠማዝዝ ጉልበቱ ባንዴ ነው የሚመጣው። ድምፅም የላትም፣ እግረኛው ስልኩን እያየ ፊትህ ጥልቅ ይላል። ለጀማሪ ያንተ ሽማግሌ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ሲነጫነጭ ይሰማል።

የፍሬንን ነገር ግን አደራ። እኔን ያስተማረኝ ልጅ ነዳጅ አሰጣጥ ብቻ አሳይቶኝ ሄደ። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ የአስፋልቱን ዘይት አንሳፎት፣ ዜብራው ላይ የፊት ፍሬን ጨበጥኩ። የቀረውን አስበው። የሰውየው ፒዛም አብሮኝ ነው የወደቀው።

ጋሽ ካንዴላ፦

ልጄ፣ እኔ እጄን ያፍታታሁት በቬስፓ ነው። የቬስፓ ማርሽ በእግር አይደለም፣ ግራ እጅ ላይ ነው፤ ፍሪስዮኑን ጨብጠህ እጀታውን ታዞራለህ። ያኔ ጋራዥ ስትገባ ማኑብሪዮ፣ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ)፣ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ካላልክ የሚሰማህ የለም። ዛሬ ሞተሩ ከሕንድ ከቻይና ይመጣል፣ ስሙ ግን ያው ጣልያን የተወልን ነው። ይህ እንኳን የሽማግሌ ወሬ ነው፣ ወደ ልጅህ ልመለስ።

አጎትህ የተሳሳተው «ልቀቅ» ሲል ነው። ፍሪስዮን አይለቀቅም፣ ይሸኛል። እንግዳ እንደምትሸኘው፣ ቀስ ብለህ፣ እስከ በሩ።

መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ትግፋው። ስምንት ቁጥር እየሠራች ግቢውን ትዙር፣ ፍሬን እየያዘች ታቁም። ክብደቱን በእጇ ትወቀው። ዲቲ ረጅም ነው፤ ተቀምጣ እግሯ መሬት በደንብ ካልረገጠ ተወው፣ ዘንድሮ አይደለም ማለት ነው። ከረገጠ ደግሞ በሌላ ቀን አስነስተህ አንደኛ ታስገባና ፍሪስዮኑ የሚይዝበትን ቦታ ትፈልግ። ሞተሩ ልሂድ ሲል መልሳ ትጨብጥ። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ሲጠፋባት አትሳቅ፣ «አይዞሽ»ም አትበዛ። ዝም ብለህ ቁም።

ላንተ ደግሞ አንድ ነገር። ሁለት ስትሮክ ነዳጁን ስትለቀው ራሱን እምብዛም አይዝም። ቸርችል ቁልቁለቱ ላይ ማርሹ ይይዝልኛል ብለህ አትዘናጋ፣ ያለህ ፍሬን ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትቆምበት ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ነው የሚሆነው። እናቷን ምንም አትበላት። ጥራትና ቆማ ትይ።

ዲቲ ከሠራተኛ ሰፈር፦

ሦስት ሳምንት ስለጠፋሁ ይቅርታ።

ሲስተር፣ እውነቱን ልናገር፣ አላስርም ነበር። ልጄን ከኋላዬ ሳስቀምጥ የሷን ማሰሪያ አጥብቄ አስሬ የራሴን ክፍት ትቼ ነው የምነዳው። ይህን ሁሉ ዓመት። ጥያቄሽን ሳነብ አጠገቤ ነበረች። «አባዬ፣ መልስላት እንጂ» አለችኝ።

የካዛንቺሷ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አልከራከርሽም። የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ረጅም ሰዓት ዝም ብላ «እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አለች። ስለዚህ መንገድ የሚባለውን ከወሬያችን አውጥተነዋል። ዕድሜዋ ሲደርስ ያኔ እንደገና እንጣላለን። ግቢ ውስጥ ግን ፈቅዳለች።

ቦታው የማተሚያ ቤቱ ግቢ ነው፣ አስፈቅጄ፣ እሑድ ጠዋት። ሠላሳ ሜትር አይሞላም፣ ግማሹን የወረቀት ጥቅል ይዞታል። የመጀመሪያውን እሑድ መግፋት ብቻ። አኩርፋ ነው የዋለችው። በሁለተኛው የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ስለ ሄልሜት አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ «እህትህን ፍሪስዮን አስተምርልኝ» ብቻ አልኩት። ሲመጣ አጥልቆ፣ ማሰሪያውንም አስሮ ነው የመጣው። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም። ጋሽ ካንዴላ፣ «ይሸኛል» ያሉትን ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ «ሸኚው! ሸኚው!» ብቻ ነው የሚሰማው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠፋባት።

ባለቤቴ በፔርሙስ ሻይ ይዛ መጥታ በሩ ጋ ቆመች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተናገረችም። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ግራ እጇን ቶሎ ነው የምትከፍተው» አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔም የእህቴ ልጅም አላየነውም ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ስድስት ሰባት ሜትር ሄደች። ሄደችና በፍሬን አቆመች፣ ቀጥ አድርጋ። ደስታው ራሷ ላይ ወጣና ማቆሚያውን ሳታወርድ ልትወርድ ስትል ሞተሩ በግራ በኩል ተጋደመ። እሷ ምንም አልሆነችም፣ ዘላ ነው የወረደችው። የፍሪስዮኑ መጨበጫ ግን ከመሐል ተሰበረ። ሶማሌ ተራ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ «የድሮው ዲቲ?» ብለው ይስቃሉ እንጂ ዕቃው የለም። ያለው ወይም የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ። እሑድ ሳይደርስ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ በየሰዓቱ የምትጠይቀኝ ደግሞ እናቷ ናት።